በቀኝ ጆሮ በኩል የተሰቀለው ስፒከር

ነጋዴ ነኝ፤ ወጪዬን ሳልናገር ወሬ አልጀምርም። ጋሽ ብርጋ ያስወጣኝ እንዲህ ነው፦ አንድ የጆሮ ማዳመጫ፣ አንድ ብሉቱዝ ስፒከር፣ አንዲት ትንሽ ባለገመድ ስፒከር፣ ርዝመቱን ለክቼ የማላውቀው ኬብል፣ የአንድ ሙሉ የኳስ ዓመት ቅዳሜና እሁድ፣ ደሬ የሚባል ቋሚ ደንበኛ። ከዚህ ሁሉ ሄደው የተመለሱት ደሬና ትንሿ ስፒከር ብቻ ናቸው።

ስፒከሯን ያመጣችው የእህቱ ልጅ ትዕግስት ናት። ለቡ ያለው ሱቄ በር ላይ ጥቁር ፌስታል ይዛ ስትቆም የገዛችውን ልትመልስ የመጣች መስላኝ፣ ገና አፏን ሳትከፍት "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" አልኳት። ልማድ ነው። እሷ ግን ፌስታሉን መስታወቱ ላይ አስቀመጠችና፣

"ጋሼ ዐረፈ" አለች። "ማክሰኞ ቀበርነው። ስልክህን ፈልጌ አጣሁት።"

ስልኬ ከበሩ በላይ በትልቁ ተጽፏል። እሷ ግን ሁልጊዜ እዚህ የምትመጣው እሱን እየመራች ስለነበር ዓይኗ ከመሬት ተነስቶ አያውቅም፤ ጉድጓድ ስትፈልግ፣ ደረጃ ስትፈልግ። ነፍስ ይማር አልኩ። ለሃያ ብር ኬብል ግማሽ ሰዓት የምከራከር ሰውዬ እዚያው መስታወቱ ጀርባ ቆሜ ቀረሁ።

ቤቴን ላስረዳ። ፊት ለፊቱ ሱቅ ነው፤ ኬብል፣ ቻርጀር፣ ሪሞት፣ ያገለገለ ስፒከር። ከጀርባ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አዳራሽ አለኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ኳስ አሳይበታለሁ። ግድግዳው ላይ ሁለት ትልልቅ ቴሌቪዥኖች፣ ከሥራቸው አንድ ላፕቶፕ። ጨዋታው ከየት እንደሚመጣ አይጠየቅም። ላፕቶፑ በምስል በኩል ቸር ነው፤ በግራው ቴሌቪዥን አንድ ጨዋታ፣ በቀኙ ሌላ ጨዋታ ያሳያል። በድምፅ በኩል ግን ስስታም ነው። ላንዱ ሰጥቶ ሌላውን ይነፍጋል። ስለዚህ የአዳራሹ ሕግ ይህ ሆነ፤ ጨዋታ ሊጀመር ሲል እጅ ይወጣል፣ ብዙ እጅ የወጣለት ጨዋታ ትልልቆቹን ስፒከሮች ያገኛል፣ ሌላው ያለ ድምፅ ይታያል። ዓይን ላለው ሰው ምንም አይደለም።

ጋሽ ብርጋ ዓይን አልነበረውም።

ድሮ ለቡ የታክሲ ተራ አስከባሪ ነበር። የዓይን ግፊት ቀስ በቀስ ወሰደበት፤ መጀመሪያ ታርጋ፣ ቀጥሎ ፊት፣ በመጨረሻ ታክሲውን ራሱን። ኑሮው ፉሪ ከእህቱ ጋር ነበር። መጀመሪያ የመጣ ቀን በር ላይ ቲኬት የምቆርጠው እኔ ነበርኩ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ይግቡ፤ አይከፍሉም" አልኩት።

ዞር አለና "ከኋላዬ ማን አለ?" አለኝ።

"ማንም የለም።"

"ታዲያ እነማንን ነው እርስዎ የምትለው? የመጣሁት አንድ ነኝ። አንተ በለኝ፤ ሒሳቡንም የአንድ ሰው ተቀበል።"

"ለክብር ብዬ ነው እኮ።"

"በነፃ የገባ ሰው አፉን ይዞ ነው የሚቀመጠው። እኔ ደግሞ አፌን መያዝ አልችልም። ቁረጥ!"

ቆረጥኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንተ አልኩት፤ እሱም ከድር የሚለውን ስሜን አቆላምጦ ከድሬ አለኝ። እውነትም አፉን መያዝ አይችልም ነበር። ከገባ በኋላ እንኳ ልማዱ አልለቀቀውም፤ በሩ ላይ ግርግር ሲሰማ ተመልሶ ይወጣና በትሩን ዘርግቶ "ተራ! ተራ ያዙ! አንተ ቀይ ሹራብ፣ ተመለስ!" ይላል። ሰዉ ደንግጦ ይሰለፋል። ቀይ ሹራብ የለበሰውም አንገቱን ደፍቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። አንድ ቀን እንዴት እንደሚያውቅ ጠየቅኩት።

"ምኑን አውቃለሁ? ተራ የሚሰብር ሰው የሌለበት ሰልፍ አይቼ አላውቅም፣ ቀይ ሹራብ የሌለበት ሰልፍም አይቼ አላውቅም። ባይገጥም ማን ይከሰኛል?"

ዓይን ሲጠፋ ጆሮ ይበረታል የሚለውን ወሬ ሲሰማ ይናደዳል። የግራ ጆሮው ከድሮም አይሰማም፤ ተራህን ጠብቅ ቢለው አንድ ሹፌር በጥፊ ያቀመሰው ነው። ቀኙ እንደ ማንኛችንም ነው። "ሁለት ዓይን ወስዶ ግማሽ ጆሮ የጨመረልኝ የለም" ይል ነበር።

ችግሩ የደገፈው ቡድን ነው። ስሙን ስጠራ የሰፈር ሰው ስለሚስቅ ቢጫዎቹ እንበላቸው። በየዓመቱ ላለመውረድ የሚታገል፣ ለቡ ውስጥ አንድ ደጋፊ ብቻ ያለው ቡድን ነው። እጅ አውጡ ሲባል ለትልልቆቹ ቡድኖች የእጅ ጫካ ይቆማል፤ ለቢጫዎቹ አንድ እጅ ብቻ፣ እሱም የጋሽ ብርጋ።

"ጋሽ ብርጋ፣ ለማታየው ጨዋታ ደግሞ እጅ ታወጣለህ?" አለው ደሬ። ደሬ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ድሮ ተራ ሲያስጠብቀው የኖረ፣ አሁን ደግሞ በየጨዋታው ብር የሚያስይዝ።

"አንተስ ለማይገባህ ጨዋታ ብር ታስይዝ የለም?"

አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ እንዳለቀ ግን ድምፁ ለትልቁ ጨዋታ ሄደ፤ እሱም ፊቱን ወደማይሰማው ቴሌቪዥን አዙሮ ሙሉውን ሰዓት ተቀመጠ። አጠገቡ ያለው ሰው ሊያዝንለት ፈልጎ "ጋሼ፣ ማዕዘን ምት አግኝታችኋል" ሲለው በበትሩ የአግዳሚውን እግር ኳ ኳ አደረገና "ማን ጠየቀህ?" አለው።

ለምን እንደሚቆጣ በኋላ ነገረኝ። "ሰው ሲነግርህ የምትሰማው የሱን ኳስ ነው። ጎረቤቴ ገባ ካለኝ በኋላ ጎሉ ለኔ ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው ሊገባ ሲል መስማት ነው።"

የሚፈልገው ይኼው ነበር፤ የራሱን ጨዋታ፣ በራሱ ጆሮ፣ ሰው መሃል ተቀምጦ መስማት። ከፍሎ የገባ ሰው ነው፣ ከሌላው እኩል። ለአንድ ቲኬት ብዬ ልደክም እንደማይገባኝ አውቃለሁ። ግን የከፈለበትን ዕቃ ሳያገኝ የሚሄድ ደንበኛ ሳይ ይከነክነኛል፤ ይህን ደግሞ ደግነት ነው እንዳትሉኝ።

መጀመሪያ የጆሮ ማዳመጫ ሰጠሁት። ቢጫዎቹን በስልኬ ከፍቼ ለብቻው ጆሮው ውስጥ ከተትኩለት። ትንሽ ቆይቶ አወለቀና መለሰልኝ።

"ምነው? አይሰማም?"

"ይሰማል። ከድሬ፣ ይህንን ብፈልግ ቤቴ ሬዲዮ አለ። ሰው መሃል ልሁን ብዬ ነው የመጣሁት። ይሄ ነገር ኳሱን ሰጥቶ ሰዉን ወሰደብኝ።"

ቀጥሎ ብሉቱዝ ስፒከር አመጣሁና ከወንበሩ አጠገብ ያለው ምሰሶ ላይ ሰቀልኩ። ግማሹን ጨዋታ አንገቱን እንደ ዶሮ ጠምዝዞ ተቀመጠ። አንገቱን ያመመው መስሎኝ ሻይ ላኩለት። በእረፍት ሰዓት ነው "በየትኛው ጆሮ እንደምሰማ ሳትጠይቅ የሰቀልከው ስንት ዓመት ነግደህ ነው?" ያለኝ። የሰቀልኩት በግራ በኩል ነበር።

ወደ ቀኝ አዞርኩት። ሁለት ቅዳሜ ሠራ። በሦስተኛው ቅዳሜ ቢጫዎቹ ፍፁም ቅጣት ምት አገኙ፤ ልክ በዚያ ሰዓት መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋና መጣ። ስፒከሯ ስትነሳ የኔን ስልክ ረስታ ከግድግዳው ወዲያ ካለው ፀጉር ቤት የመሠረትን ስልክ አገኘች። አንድ ጊዜ ከሷ ጋር አገናኝቻት ነበር፣ ልትገዛት ፈልጋ ስትሞክራት። መሠረት ደግሞ ጸሎተኛ ናት፤ ከጠዋት እስከ ማታ መዝሙር ነው የምትከፍተው። የፍፁም ቅጣት ምቱ ሰዓት ከምሰሶው ላይ በሙሉ ድምፅ ምስጋና ፈሰሰ።

ጋሽ ብርጋ መዝሙሩን ጥቂት አዳመጠና "ገባ ማለት ነው?" አለኝ።

አልገባም ነበር።

ሀና ማርያም ያለ ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። እሱ ነው ነገሩን ያሳየኝ። ላፕቶፑ ውስጥ የድምፅ ማውጫዎቹ ዝርዝር አለ፤ እያንዳንዱን ፕሮግራም ለየብቻ "አንተ በዚህ ውጣ፣ አንተ በዚያ ውጣ" ማለት ይቻላል። አንዱን ጨዋታ በአንድ ብሮውዘር ከፍተህ ትልልቆቹን ስፒከሮች ወደሚያሠራው አምፕሊፋየር፣ ሌላውን በሌላ ብሮውዘር ከፍተህ በቀኙ ቴሌቪዥን በራሱ ድምፅ። ሁለቱ አይነካኩም።

"በቃ? ይሄው ነው?" አልኩት፤ የከሰርኩባቸውን ዕቃዎች እያሰብኩ።

"ይሄው ነው። አንድ ነገር ግን አለ። ቴሌቪዥኑ ለአፍታ እንኳ ከጠፋ ኮምፒውተሩ የለም ብሎ ይደመድማል። ድምፁን ያገኘበት ይጥለዋል።"

"እኛ ሰፈር መብራት ለአፍታ አይጠፋም" አልኩት። "ሲጠፋ በደንብ ነው የሚጠፋው።"

ተሳስቼ ነበር። ሁለቱን ድምፅ እንዳሳየኝ ለያይቼ ሳሳይ፣ ለአፍታ የጠፋው ትልቁ ጨዋታ ላይ ቅጣት ምት ሊመታ ሲል ነው። መብራቱ እንደ ዓይን ጥቅሻ ሄዶ መጣ። ግራው ቴሌቪዥንና አምፕሊፋየሩ ቶሎ ነቁ፤ ቀኙ ቴሌቪዥን አሮጌ ስለሆነ ገና እያዛጋ ነው። ላፕቶፑም የቢጫዎቹን ድምፅ የሚጥልበት አጥቶ ትልልቆቹ ስፒከሮች ላይ ጣለው። መቺው ወደ ኳሱ ተንደርድሮ ገና እግሩ ሳይነካት አስተላላፊው "ጎ...ል!" ብሎ አዳራሹን ሰነጠቀው።

አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። አግዳሚ ተገለበጠ። ደሬ የማያውቀውን ሰው አቅፎ ወደ ላይ አነሳው። በዚያ ቅጣት ምት ላይ ብዙ ነገር አስይዞ ኖሯል። ከዚያ ኳሷ ተመታች፣ ግድግዳ ሠርተው የቆሙትን ልጆች ነካችና ወጣች። ዝም አልን። ደሬ ሰውየውን መሬት ላይ አስቀመጠው።

በዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያጨበጭበው። ጋሽ ብርጋ ቆሞ፣ በትሩ ወድቆ፣ "የኛ ነው! ኧረ የኛ ነው ይሄ!" እያለ። እውነትም የቢጫዎቹ ጎል ነበር። በቤቴ ታሪክ ቢጫዎቹ በትልልቆቹ ስፒከሮች የተሰሙት ያን ቀን ብቻ ነው። ፊቱ እንደዚያ ሲበራ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

ደሬ ወደ እኔ መጣ። "ከድር፣ ለአንድ ሽማግሌ ብለህ መቶ ሰው ልታሳብድ ነው?"

"ኮምፒውተሩ ነው እኮ።"

"ኮምፒውተሩን ማን አዘዘው?"

ያን ቀን ቲኬቱን ቀዶ ወጣ፤ ለሁለት ወር ሀና ማርያም ያለ ሌላ ቤት ነበር የሚያየው። የቀሩትም ተሰብስበው ፈረዱ፤ ሁለተኛ ድምፅ የሚባል ነገር ከዚህ ቤት ይጥፋ። እሺ አልኩ። ጋሽ ብርጋም ተቀበለ። "ብዙ ናቸው፤ ተራዬን እጠብቃለሁ" አለ።

አንድ ቀን ብቻችንን ሆነን ቢጫዎቹን ለምን እንደመረጠ ጠየቅኩት። ሰው ሲጠይቀው በየጊዜው የተለየ ምክንያት ነበር የሚሰጠው፤ ለእኔ ግን ቀስ ብሎ ነገረኝ።

"ዓይኔ ሲደክም መጀመሪያ ጥቁርና ሰማያዊ ተደባለቁብኝ። ቀጥሎ ቀይ ሄደ። ኳስ ቤት ገብቼ ሳይ ከሜዳው ላይ ለይቼ የማያቸው እነሱን ብቻ ነበር፤ እንደ ሻማ። ሌሎቹ የት እንዳሉ አላውቅም፣ እነሱን ግን እከተል ነበር። እና አሁን ስላላየኋቸው ልተዋቸው?"

ኬብል መጠቅለል ጀመርኩ።

የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ደረሰ። ያን ቀን ሁሉም ቡድኖች በአንድ ሰዓት ነው የሚጫወቱት። በግራው ቴሌቪዥን ዋንጫው የሚወሰንበት ጨዋታ፤ በቀኙ ቢጫዎቹ። ካሸነፉ ይቆያሉ፣ ካላሸነፉ ይወርዳሉ። ጋሽ ብርጋ ከቀናት በፊት ነው ሱቅ ድረስ የመጣው። ያለበት የስኳር በሽታ እግሩን ማሳበጥ ጀምሮ ስለነበር የቆመው መስታወቱን ተደግፎ ነው።

"ከድሬ፣ ለምኜህ አላውቅም።"

"በየቀኑ ነው የምትጨቀጭቀኝ።"

"መጨቅጨቅና ልመና ይለያያል። ይሄኛውን እንድሰማ አድርገኝ።"

ደንበኞቼን አንድ በአንድ ዞሬ አስማማሁ። ደሬንም ጭምር፤ ተመልሶ ነበር። ውሉ ይህ ሆነ፤ የቀኙ ቴሌቪዥን ድምፅ ይዘጋል፤ ከቴሌቪዥኑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ረጅም ኬብል ስቤ በጋሽ ብርጋ ቀኝ ጆሮ በኩል ምሰሶው ላይ አንዲት ትንሽ ስፒከር እሰቅላለሁ፤ ከሱና ከግራ ቀኙ በቀር ማንም አይሰማትም። ትልልቆቹ ስፒከሮች ላይ አንዲት ቃል ብትሾልክ ግን ቤቱን እዘጋለሁ ብዬ ማልኩ። ወላሂ ብዬ።

ያን እሁድ ከጠዋት ጀምሮ ሰፈሩ መብራት አልነበረውም። ጄኔሬተር ተከራየሁ፤ ስልክ መሰካት ክልክል ነው ብዬ ለፈፍኩ፤ ጉልበቱ ለቴሌቪዥኖቹና ለስፒከሮቹ ብቻ ነው። ጨዋታው ተጀመረ። ሁሉም እንደታዘዘው ሆነ። ጋሽ ብርጋ መዳፉን ስፒከሯ ላይ አድርጎ፣ ጆሮውን አስጠግቶ ተቀመጠ። ንዝረቱን በእጁም መያዝ ይወድ ነበር። ከእረፍት በፊት ቢጫዎቹ አገቡ። ከወንበሩ አልተነሳም፤ በትሩን ብቻ ኳ ኳ ኳ አደረገ። ሊገባ ሲል ነው የሰማው። አየሁት፤ ኳሷ መረብ ሳትነካ በፊት ነው ከንፈሩ የተከፈተው።

ከእረፍት በኋላ ተቆጠረባቸው። አንድ ለአንድ። በዚያ መሃል የሰፈሩ መብራት መጣ። አዳራሹ አጨበጨበ። ጄኔሬተሩን አጥፍቼ ወደ መብራቱ አዞርኩ፤ ሁሉም ነገር ለአፍታ ጠፍቶ ተመለሰ። እኔ ላፕቶፑ ላይ ተደፋሁ። የማልኩትን መሐላ እያሰብኩ፣ ጠጋኙ እንዳሳየኝ። ትልልቆቹ ስፒከሮች ላይ ዋንጫው፣ የቀኙ ቴሌቪዥን ላይ ቢጫዎቹ። ተሳካ። አንዲት ቃል አልሾለከችም።

"ከድሬ" አለ ጋሽ ብርጋ። "አይሰማም።"

ዝርዝሩን አየሁ። የቢጫዎቹ ድምፅ ወደ ቀኙ ቴሌቪዥን እየሄደ ነው ይላል። አረንጓዴዋ መስመር ትዘላለች። እየሄደ ነው።

"ይሰማል ጋሼ፣ ትንሽ ታገስ።"

"ሞቷል እያልኩህ! አይንቀጠቀጥም።"

አጠፋሁት፣ አበራሁት። ወደ ሌላ ማውጫ ልኬ ልመልሰው ስል ትልልቆቹ ስፒከሮች ጨ… የሚል ድምፅ አወጡ፤ ከኋላዬ መቶ ሰው "አትንካ!" ብሎ ጮኸ። "ከድር፣ ከነካኸው እንጣላለን!" ደሬ ነው። ዋንጫው ላይ የቀረው ጥቂት ደቂቃ ነበር። እጄን አነሳሁ። እጄን አንስቼ ላፕቶፑ ፊት እንደ እስረኛ ቆምኩ። አረንጓዴዋ መስመር ትዘላለች፣ ስፒከሯ ዝም ብላለች፤ በመካከላቸው ምን እንዳለ አላውቅም።

ሰው ረግጬ ወደ ወንበሩ ደረስኩ። የአዳራሹ ጩኸት ሲነሳ ፊቱ ወደ ላይ ቀና አለ።

"ለኛ ነው?"

"አይደለም ጋሼ። ለነሱ ነው፣ ለግራው።"

"እ።" አለ። ከዚያ፣ ዓመቱን ሙሉ ማን ጠየቀህ ሲል የኖረው ሰውዬ፣ "ንገረኝ በቃ" አለኝ።

በቀኝ ጆሮው ተጠግቼ መንገር ጀመርኩ። እኔ ኳስ አሳያለሁ እንጂ ኳስ አላውቅም።

"ቢጫው ልጅ ለሌላ ቢጫ ልጅ ሰጠ።"

"ስም የላቸውም?"

"ጀርባቸው ላይ አለ። ሩቅ ነው።"

"ቁጥራቸውን ንገረኝ፣ እኔ አውቃቸዋለሁ።"

"ሰባት ቁጥር… ለአስራ አራት። አስራ አራት ወደቀ።"

"እሱ ሁልጊዜ ይወድቃል። አሁንስ?"

"ዳኛው ዝም አለ። ነጮቹ ወሰዱት። እየሮጡ ነው።"

"ማን ቀረ ከኋላ?"

"ማንም።"

መዳፉ አሁንም ስፒከሯ ላይ ነበር። በጣቶቹ ሲጫናት አየሁ፣ ጉሮሮ እንደሚዳብስ ሐኪም። አዳራሹ በዚያች ቅጽበት እንደገና ፈነዳ፤ ዋንጫው አለቀ፣ ሰው በሰው ላይ ወጣ። እሱ ግን እጄን ይዞ ይጠብቃል። የትኛው ጩኸት የማን እንደሆነ አያውቅም።

"ገባባችሁ" አልኩት። ሌላ አማርኛ አልመጣልኝም።

ፊሽካው እስኪነፋ ቁጥሮች ነገርኩት። ሲነፋ "ወረዱ?" አለኝ።

"ወረዱ።"

"ድምፁ ቢኖር አይወርዱም ነበር" አለ። ቀልዱ ነው። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ትዕግስት መጥታ እጁን ይዛ ወሰደችው፤ በር ላይ የሚጨፍሩትን "ተራ ያዙ!" ሲል ከውስጥ ሰማሁት። ማንም አልያዘም።

ሰው ሲወጣ አዳራሹን መጥረግ ጀመርኩ። አግዳሚውን ሳነሳ ከምሰሶው ሥር ያለው ሶኬት ላይ የስልክ ቻርጀር ተሰክቶ አገኘሁ። የስፒከሯ የመብራት መሰኪያ ተነቅሎ ወለሉ ላይ የሱፍ ልጣጭ ውስጥ ወድቋል። መብራቱ የመጣ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ስልኩ ሞቶበት የዋለ አንድ ሰው ተሽቀዳድሞ ሰክቶ ነው። ኮምፒውተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የታዘዘውን በትክክል ሠርቷል፤ ድምፁን እስከ ቴሌቪዥኑ፣ ከቴሌቪዥኑም እስከ ኬብሉ ጫፍ ልኳል። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ ከኮምፒውተር ጋር ስጣላ ስለኖርኩ ሌላ ጥፋተኛ አልታየኝም። ስፒከሯ ስትሠራ የምትበራ ቀይ መብራት አላት። መብራቷ መዳፉ ሥር ነበረች። እሱ አያያትም፤ እኔንም እጁ ከለለኝ።

በማግስቱ ስፒከሯን ይዤ ፉሪ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኩት። እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ አዳመጠኝ።

"የማን ቻርጀር ነው?"

"አልታወቀም። የኔ ሱቅ ዕቃ ነው፤ ግማሹ ሰፈር አለው።"

"ይታወቃል" አለ። "ተራውን ያልጠበቀ ሰው ነው።"

ስፒከሯን እዚያው ተውኩለት፤ ሬዲዮው ላይ ሰካንለት። በአዲሱ የኳስ ዓመት ጥቂት ጊዜ መጣ። የታችኛውን ሊግ የሚያሳይ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም፤ የሚገኘው በስልክ ላይ ውጤቱ ብቻ ነው። ይህን ያውቃል። ያም ሆኖ ቲኬት ይቆርጣል፣ እጅ አውጡ ሲባልም እጁን ለብቻው ያወጣል።

"ጋሽ ብርጋ፣ ቢጫዎቹ እኮ ዛሬ የሉም" ይለዋል ደሬ፤ አሁን ድምፁ ለስለስ ብሏል።

"መኖራቸውን ማን ጠየቀህ? ቁጠር።"

ይቆጠራል። አንድ።

ከዚያ እግሩ ከቤት አላወጣው አለ። በሽታው ምን ደረጃ እንደደረሰ ሳልጠይቅ፣ በየሳምንቱ ልሄድ እያልኩ፣ ማክሰኞ ተቀበረ።

ትዕግስት ፌስታሉን ስታስረክበኝ መልእክትም ነበራት። "ለሌላ ሰው ስትሰቅለው በየትኛው ጆሮ እንደሚሰማ አስቀድመህ ጠይቅ ብሎሃል" አለችኝ። ከመሳቋ በፊት አለቀሰች። እኔም ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ፤ ዕቃ እንደምፈልግ።

ስፒከሯን ምሰሶው ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ቦታዋ ላይ ሰቅያታለሁ። ሶኬቱን በፕላስተር አስሬዋለሁ። ያሳለፍነው ቅዳሜ መብራት ለአፍታ ሄዶ መጣ። ላፕቶፑ አልተደናገጠም፤ ሁለቱንም ድምፅ በየቦታው መለሰ፤ ማንም አላስተዋለም። የጋሽ ብርጋ ወንበር ላይ ስሙን የማላውቀው ጎረምሳ ተቀምጦ ነበር። ስፒከሯ ስለረበሸችው ቀንስልኝ አለኝ፤ ቀነስኩለት።

ሒሳቡ ይኼው ነው። ወጪውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ገቢው፣ ማንም ሳይጠይቀኝ በየእሁዱ አንድ ውጤት በስልኬ ማየቴ ነው። ቢጫዎቹ በታችኛው ሊግ አስራ አንደኛ ናቸው።